ለወገቤ ብዬ የገዛኋቸው ጎማዎች

ወገቡን ታሞ የማያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢዘልለው አይከፋኝም። ለእሱ ጎማ ማለት ክብና ጥቁር ነገር ነው፤ መኪናው ከሄደለት ሌላው ምን ቸገረው። እኔ ግን በጃንሆይ ጊዜ በአንዲት አሮጌ የጣሊያን ካሚዮን ከጊምቢ ነቀምቴ ቡና ሳመላልስ ዐሥራ አንድ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። አስፋልት ያኔ አዲስ አበባ ደርሰው የተመለሱ ሰዎች የሚያወሩት ወሬ ነበር። የእኛ መንገድ በበጋ ድንጋይ፣ በክረምት ጭቃ ነው። በመካከል ያሉት ጥቂት ሳምንታት ደግሞ ሁለቱም ናቸው።

በዘጠነኛው ዓመት ላይ ወገቤ ከእኔ ተለየ። አብሮኝ ይሄዳል፣ ግን የራሱን ሐሳብ ይዞ ነው። እኔ ልነሣ ስል እሱ ይቀመጣል፤ እኔ ልተኛ ስል እሱ ይነቃል። መጀመሪያ የጋቢናዬ ወንበር ላይ አጎዛ አነጠፍኩ። ቀጥሎ ጭድ የሞላ ከረጢት፣ ከዚያ የባለቤቴን ትራስ ጨመርኩ። በመጨረሻ ጭንቅላቴ ከጋቢናው ጣሪያ ጋር መጋጨት ሲጀምር ባለቤቴ፣ «ሰው መኪና ይነዳል እንጂ አልጋ አይነዳም» ብላ ትራሷን ወሰደች። በሽታው ከወንበሩ ሳይሆን ከጎማው እንደሆነ የነገረችኝም እሷ ናት። እስከ ዛሬ ከየት እንዳወቀችው አልነገረችኝም።

ነቀምቴ ከገበያው በታች ሸምሱ የሚባል ጎሚስታ ነበር። ከጉራጌ አገር መጥቶ የከተመ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከእኔ አሳምሮ የሚናገር ሰው ነው። ችግሬን ስነግረው አንድ አዲስ ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገና፣ «ይሄ ውስጡ የተደራረበው ሸራ ብዙ ነው። ጭነት ይችላል። ድንጋይ ሲያገኝ ግን አይታጠፍም። ጎማው ካልታጠፈ የሚታጠፈው አንተ ነህ» አለኝ።

በዕድሜዬ እንዲህ ያለ እውነት ሰምቼ አላውቅም። የሚታጠፍ ጎማ ልመርጥ ተነሣሁ። አመራረጡን የማውቀው ደግሞ አባቴ የእርሻ በሬ ሲገዛ ካየሁት ነው፤ ጥርሱን አየሁ፣ ጉንጩን ቆነጠጥኩ፣ ትከሻውን ተጫንኩ፣ ከኋላው ሄጄ አካሄዱን ለማየት አንከባለልኩት። አንዱን አስተኝቼ ተቀመጥኩበት። ተነሥቼ ሌላው ላይ ተቀመጥኩ። ከረፋዱ እስከ ምሳ ድረስ እንዲህ ስነሣ ስቀመጥ ገበያተኛው ከቦ ያየኝ ጀመር። አንዱ፣ «ምን እየሠራ ነው?» ሲል ሌላው፣ «ዝም በል፣ እንቁላል ሊጥል ነው» ብሎ መለሰለት።

በስተመጨረሻ ከጥግ፣ ሸራ ከለበሰ ክምር ሥር፣ ስድስት ያገለገሉ ጎማዎች አገኘሁ። ስቀመጥባቸው ወገቤ ዝም አለ። ዐይኔን ጨፈንኩ። ሲጫኑት እጥፍ፣ ሲለቁት ቀና የሚል፣ ድንጋይን የሚያባብል ጎማ ነበር። ጥርሳቸው ላይ ግን በስለት የተቀደደ ምልክት አየሁ፤ ሦስት አጫጭር ቅዶችና በላያቸው አንድ ሰያፍ። በስድስቱም ላይ አለ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

ሸምሱ ጥፍሩን ማየት ጀመረ። «እንዲተነፍስ ነው» አለ። «ቅዱ ጎማውን ያላላዋል።»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። የማን እንደነበሩ አልጠየቅኩም። ጭራሽ፣ «ነፋሱንም ቀነስ አድርግልኝ» አልኩት። ሸምሱ ነፋስ ያነሰው ጎማ ሽቅብ ላይ ሞተር እንደሚያደክም፣ ራዲያተር ውስጥ ውሃ እንደሚያፈላ አስጠነቀቀኝ። «ሞተር ወገብ የለውም» ብዬ ዘጋሁት።

የመጀመሪያው ጉዞ ቅዳሜ ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ ጉሙ ያልወጣበት ጊዜ። ከነቀምቴ ስወጣ ከደስታ የተነሣ ዘፈንኩ። ጉድጓዱ ይመጣል፣ ካሚዮኗ ትሰግዳለች፣ እኔ አልሰማም። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። የድሮዎቹ ጎማዎች ጠጠሩን ሲፈጩ አንድ ሰፈር ቀድሞ ይሰማ ነበር፤ እነዚህ ድምፅ የላቸውም። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ሳጠፋ፣ ያ ሁሉ ብረት በጉሙ ውስጥ ያለ ኮሽታ ይወርዳል። የራሴን መኪና የራሴ ጆሮ አጣት።

ዲጋ የገበያ ቀን ነበር። ከሻይ ቤቱ በር ላይ አቁሜ ወረድኩ። ባለቤቱ ዐሥር ዓመት የሚያውቀኝ ሰው ነው፤ እንደ ወትሮው፣ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ፣ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቴን ሳያይ ከኋላዬ መሬቱን ያያል። አጠገቡ የቆሙትም ከኋላዬ መሬቱን ያያሉ። ሰው ከኋላ ሲታይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሱሪዬን በእጄ ዳሰስኩ። ደህና ነው።

«ሻይ» አልኩ።

«አልቋል» አለ። ከጀርባው ማንቆርቆሪያው ይፍለቀለቃል።

ከዲጋ ወዲያ ወደ ዴዴሳ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቼ ስንሸራተት እንጨት የተሸከሙ አሮጊት ከጉሙ ውስጥ ድንገት ፊቴ ላይ ወጡ። ሳልነካቸው አለፍኩ። ደንግጠው ይረግሙኛል ብዬ በመስተዋቱ ሳይ፣ ሸክማቸውን አውርደው መንገዱ ላይ ተንበርክከዋል። መሬቱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ «ፋነ ኢሳቲ» ሲሉ ሰማሁ። ዱካው ነው፣ የእሱ ዱካ ነው ማለታቸው ነው። የማን ብዬ ልመለስ አሰብኩና ቁልቁለቱ አላስቆመኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ቢያስቆመኝም አልመለስም ነበር።

እሑድ ጠዋት ቡና ጭኜ ከጊምቢ ስመለስ የዴዴሳን ሽቅብ እንደጨረስኩ ራዲያተሩ ፈላ። የቆምኩት ሶምቦ በምትባል ትንሽ መንደር፣ ከአንድ የግንድ አጥር በር ፊት ነው። አጠገቡ ምንጭ አለ። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሰው የለም። ውሻ አየሁ፤ ቆሞ ያየኛል እንጂ አይጮኽም። ከሩቅ ከጸሎት ቤት መዝሙር ይሰማል፤ ግን ጉሙ ቃሉን እየበላው የሚደርሰኝ ዜማው ብቻ ነው። ከበሩ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በቅጠል የተከደነ ጮጮ ነበር። ከፈትኩት፤ ወተት ነው፣ ገና ትኩስ።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «አልጠጣህም አይደል?» ይለኛል። ጠጣሁት። ወተት ቢቀመጥ ይረጋል፣ ቢረጋ ይባክናል፣ ስለዚህ መጠጣቴ ለባለቤቱ ማሰብ ነው ብዬ ተከራከርኩ። የሚመልስልኝ ስላልነበረ ክርክሩን ረታሁ። ጮጮውን አለቅልቄ ከድኜ ሄድኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ዲጋ ስገባ ሻይ ቤቱ ተዘግቷል። መንገድ ዳር የቆመ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀና ካሚዮኗ እስክታልፍ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆየ። እንዲህ የሚደረገው አስከሬን ሲያልፍ መሆኑ ትዝ ያለኝ አንድ ኪሎሜትር ከሄድኩ በኋላ ነው። ከጋቢናው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ዞሬ ጭነቱን አየሁ። የጨው ጆንያ ብቻ ነበር። ግን አንዴ መዞር ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ።

እሑድ ሽቅቡን እንደጨረስኩ ያው ራዲያተር፣ ያው በር ፊት ፈላ። ስወርድ መንገዱ ላይ የኮባ ቅጠሎች ተደርድረው አየሁ፤ ተራ በተራ፣ ረድፍ ይዘው፣ ዳር ዳሩ በእሾህ ታጥሮ። ምን ሊያደርቁ ነው ብዬ አንዱን ቅጠል ገለጥኩ። ከሥሩ የጎማ ዱካ አለ። ያለፈው ሳምንት ዱካዬ ነው፣ ጭቃው ላይ ደርቆ፤ ሦስት ቅድና አንድ ሰያፍ። ዝናብ እንዳያጠፋው ከድነውታል፣ ከብት እንዳይረግጠው አጥረውታል። ቅጠሉን እንደነበረ መለስኩት። ፈርቼ ግራ ቀኜን አየሁ።

ድንጋዩ ላይ በዚህ ጊዜ ከወተቱ ጋር ጭኮ ተቀምጧል፤ የገብስ ዱቄት በቅቤና በቅመም የታሸ፣ የአገር ጣዕም ያለው። ፈርቻለሁ አልኩ እንጂ አልራበኝም አላልኩም። ፍርሃት ሆድ ያስርባል፣ የደረሰበት ያውቀዋል። ጭኮውን እስከ መጨረሻው በላሁ፣ ቅጠሉንም ላስኩ።

ነቀምቴ እንደገባሁ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። «እነዚህ ጎማዎች የማን ነበሩ?»

ሸምሱ ቁጭ አለ። «ቶለሳ የሚባል የሶምቦ ልጅ ነበር። እንዳንተው ሾፌር። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ካሚዮኑ ዴዴሳ ገባች። ወንዙ ሲጎድል መኪናዋን ጎትተው አወጧት፤ ጎማዎቿን ለእኔ ሸጡልኝ። እሱን አላገኙትም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ልስላሴያቸው ጠየቅከኝ። ስለ ባለቤታቸው አልጠየቅከኝም።»

ያኔውኑ ለምን አልቀየርካቸውም የሚለኝ ይኖራል። ይህን ጥያቄ ባለቤቴም ጠይቃኛለች። አፍራለሁ፣ ግን መልሱ ወገቤ እምቢ አለ የሚል ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ማሰር ጀምሬ ነበር፤ ያንን ትቶ ወደ ቀድሞው መመለስ ለሰው ከባድ ነው። ሶምቦ ላይ ላለመቆም ግን ለራሴ ማልኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በሦስተኛው እሑድ ራዲያተሩ ልክ ከዚያው በር ፊት እንፋሎቱን ለቀቀ። ሸምሱ የነገረኝ ነው፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ ሽቅቡን ሲጎትት ሞተሩ የሚችለው እስከዚያች በር ድረስ ነው። ይህን ዛሬ ስጽፈው ይገባኛል። ያኔ ግን ጎማዎቹ ቤታቸው ደርሰው የቆሙ መሰለኝ።

እንፋሎቱ ገለል ሲል ሰው አየሁ። የመንደሩ ወንዶች ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በጉሙ ውስጥ ቆመዋል።  በሩን ከውስጥ ልቆልፈው ሞከርኩ፤ ቁልፉ ከተሰበረ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ቀረብ ብለው መስኮቱን በዘንጋቸው ጫፍ ቆረቆሩ።

«ውረድ» አሉኝ። «ሰው ነህ?»

«ነኝ መሰለኝ» አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ፊቴን አዩ፣ እጄን ጨበጡ፣ ሙቀቱን ለማወቅ ይመስለኛል ትንሽ አቆዩት። ከዚያ ወደ ቅጠሎቹ ጠቆሙ።

«የአገሩን ሕግ ታውቃለህ» አሉ። «የጠፋ ከብት ዱካ አንድ መንደር ከገባ፣ መንደሩ ዱካውን ተከትሎ ማስወጣት አለበት። ካላስወጣ ተጠያቂ እሱ ነው። ይህ ዱካ ከእኛ መንደር ገብቷል። የቶለሳ ነው። አባቱ የከብቱን ጆሮ እንዲህ ነበር የሚቀደው፣ ሦስትና አንድ። ልጁ ሾፌር ሲሆን ጎማውን ቀደደ፣ ከሌባ እንዲለይለት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህ ምልክት ይመጣል፣ እናቱ በር ላይ ይቆማል፣ ወተት ጠጥቶ ይሄዳል። ግማሹ ሰው ቶለሳ አልሞተም ይላል። ግማሹ ሞቶ ነው የሚመጣው ይላል። አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ወገቤን ነው የሚያመኝ» አልኩ።

አፌ እንዲህ ነው፤ ስፈራ እውነቱን ይናገራል። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሸምሱን፣ ሸራውን፣ ስቀመጥ ስነሣ የዋልኩትን፣ ከወንዝ የወጣችውን መኪና። ሳበቃ ሰዎቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። አንዱ ዐይኑን ጠረገ።

«እንግዲያው ሞቷል» አሉ ኦቦ ገመቹ። «እናውቅ ነበር። ግን አስከሬን አላየንም። ላላየነው ሞት መርዶ እንዴት እንናገር? ሁለት ዓመት ሙሉ ንጋት ላይ ሄደን እናቱን አዴ ለሊሴን ልናረዳ እንቀጥራለን፣ አንዱ ‹ቢመጣስ?› ይላል፣ እንመለሳለን። አዴ ለሊሴ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃን አታውቅም። አሁን ዱካውን ያስገባኸው አንተ ነህ። አንተው አውጣው።»

«እኔ ልጇን አይቼው አላውቅም» አልኩ። «ሬዲዮ እንኳ ክፉ ወሬ ሲያወራ የማጠፋ ሰው ነኝ።»

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ፣ ይሁን እንደማለት ነው። ግን እጄን ይዘው ወደ በሩ ይወስዱኝ ነበር።

አዴ ለሊሴ ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ቤቱ ተጠርጓል፤ አንድ አልጋ ተነጥፎ ማንም አልተኛበትም። ኦቦ ገመቹ ደጁ ላይ ቀሩ። ገብቼ እጅ ነሣሁ።

«ታኢ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝና በርጩማውን ጠቆሙኝ። ተቀመጥኩ። ልጄ ብለው ነበር የጠሩኝ።

ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። መንገዱ መክፋቱን ነገርኳቸው። ዘንድሮ ጉሙ መክበዱን ነገርኳቸው። ስለ ጎማ ማውራት ጀመርኩ፤ ሸራው የበዛ ጎማ እንደማይታጠፍ፣ ሲታጠፍ ደግሞ ቶሎ እንደሚቀደድ፣ ነፋስ በዝቶም አንሶም እንደማይበጅ። እሳቸው አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዳምጡኛል። እንደዚያ ቀን ስለ ጎማ ብዙ ያወቅኩበት ቀን የለም።

«ጭኮውን አንተ ነህ የበላኸው?» አሉኝ መሀል ላይ።

«እኔ ነኝ፣ አዴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውቄያለሁ። ቶለሳ ጭኮ አይወድም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ይተወዋል። ያስቀመጥኩት ለይቼ ላውቅ ነው። ቅጠሉ ተልሶ ሳገኘው ‹ይህ ሌላ ሰው ነው› አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ለማንም አልነገሩም?»

«ምን ብዬ? ጎማው ሌላ ሰው እጅ ከገባ ልጄ የለም። ልጄ ምልክቱን ለሰው አይሰጥም።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ያወቅኩት ግን ዛሬ አይደለም። የዚያን ክረምት፣ ወንዙ በሞላ ሳምንት ነው ያወቅኩት። እናት ነኝ።»

«አዴ፣ ካወቁ ታዲያ…»

«ሳልረዳ እንዴት ላልቅስ?» አሉኝ። «እናት በራሷ አፍ ልጄ ሞተ ትላለች? መርዶ ያልተነገረለትን ማልቀስ በሕይወት ያለውን ሰው መርገም ነው። ሰው እስኪነግረኝ ጠበቅኩ። ጎረቤቶቼ በየጠዋቱ እስከ ደጄ ይመጣሉ፣ ስለ ዝናብ አውርተው ይመለሳሉ። አዘንኩላቸው። ከዚያ ዱካው መጣ። ይህ የሚመጣው ሰው ከሩቅ ነው፣ እሱ ይነግረኛል ብዬ ወተት አስቀመጥኩልህ። ጠጥተህ ሄድክ።»

ስለ ራሴ ብዙ ሞኝነት ጽፌያለሁ፣ ነገም እጽፍ ይሆናል። ያንን ወተት ጠጥቼ ዝም ብዬ በመሄዴ ያፈርኩትን ያህል ግን አፍሬ አላውቅም። ሴትዮዋ ወተቱን ያስቀመጡት ሊናገር ለሚችል ሰው ነበር።

«ንገረኝ» አሉኝ።

ተነሥቼ ቆምኩ። መርዶ ተቀምጦ አይነገርም፤ ይህን ከየት እንዳወቅኩት አላስታውስም።

«አዴ ለሊሴ» አልኩ፣ «ልጅዎ ቶለሳ ዴዴሳ ውስጥ ሞቷል። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በክረምት።»

እሳቸውም ተነሡ። ከዚያ ነጠላቸውን ገፈው አዘቀዘቁና መልሰው ለበሱት፤ በዝግታ፣ ጠርዙን እያስተካከሉ። ከዚያ ጮኹ። ያን ድምፅ ልገልጸው አልችልም፣ መግለጽም አልፈልግም። ከደጅ ኦቦ ገመቹ ተቀበሏቸው፤ ከእሳቸው ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ የማዶው ቤት። ጉሙ ስለነበር ሰዉ አይታይም፤ ኮረብታው ራሱ የሚያለቅስ ይመስል ነበር። እኔም አለቀስኩ። አይቼው ለማላውቀው፣ ጭኮ የማይወድ ለነበረ ሰው አለቀስኩ።

መርዶ ነጋሪ ስለሆንኩ ከእሳቸው አጠገብ አስቀመጡኝ። ቀትር ላይ አዴ ለሊሴ ፊታቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ቤት የሚጠብቅህ ሰው አለ?»

«ባለቤቴ አለች።»

«እንግዲያው ሂድ። አታስጠብቃት።»

ራዲያተሩን ሞልቼ ተነሣሁ። ጉሙ ተገፎ ነበር። እስከ ዲጋ ድረስ መንገዱ ወደ ሶምቦ በሚወርድ ሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ራሳቸውን ገልጠው፣ እያለቀሱ ይመጣሉ። የሻይ ቤቱ ባለቤትም፣ እንጨት ተሸክመው ያየኋቸው አሮጊትም ከመካከላቸው ነበሩ። መኪናዬን ከዳር አቁሜ አሳለፍኳቸው። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።